መጀመሪያ የምትነግረው ሰው፦ ስለ ግቢ ጥቃት ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ጅማ ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። እኔ ዘንድ በሦስት ሰው በኩል ደረሰ፤ አንዷ የሥራ ባልደረባዬ፣ አንዱ የአጎቴ ልጅ፣ ሦስተኛዋ የገዛ ልጄ። ልጄ 12ኛ ክፍልን ጨርሳ የዩኒቨርሲቲ ምደባዋን እየጠበቀች ነው። ከጽሑፉ ሥር «እማ፣ የሚለው እውነት ነው እንዴ?» ብላ ላከችልኝ። ይህን የምጽፈው ለእሷ መልስ ስላለብኝ ነው።

የጽሑፉ ባለቤት ለረጅም ዓመታት በከፍተኛ ትምህርት ያስተማሩ መምህርና የሁለት ሴት ልጆች አባት እንደሆኑ ይናገራሉ። በቅን ልብ እንደጻፉት አልጠራጠርም። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ወሲባዊ ጥቃት የሚበዛው ሴት ተማሪዎች አምሽተው ስለሚወጡና ለአለባበሳቸው ስለማይጠነቀቁ ነው፤ ስለዚህ የሴቶች ማደሪያ በር ምሽት 2 ሰዓት ላይ ይዘጋ። በእውነት የተደፈረች ልጅ ወዲያው ትጮኻለች፤ ቀናት ቆይታ የምትናገር ሌላ ሐሳብ ያላት ናት። ለማርክ ሲሉ የመምህራንን ስም የሚያጠፉ አሉ። ነገሩ ከደረሰም ለልጅቷም ለግቢውም ክብር ሲባል በሽምግልና ቢያልቅ ይሻላል፤ ከዚያ ያለፈው የፖሊስ እንጂ የትምህርት ተቋም ሥራ አይደለም። ሴቶች ደግሞ ራስን የመከላከል ሥልጠና ይውሰዱ። ጽሑፉን የቋጩት ስለ ራሳቸው ልጆች በጻፉት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱን መጨረሻ ላይ አነሣዋለሁ።

እኔ ነርስ ነኝ። ጅማ ውስጥ 14 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን በድንገተኛ ክፍል። ሕግ አልተማርኩም፤ ግን የሕክምና ማስረጃ ሲጻፍ አብሬ ስቆም፣ ለምስክርነት ፍርድ ቤት ስመላለስ፣ ልጆቹን የሚመለከቱትን አንቀጾች አንድ በአንድ አውቄያቸዋለሁ።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት ስለ አንዲት ልጅ ልናገር። ማን እንደሆነች የሚያሳውቀውን ሁሉ ለውጫለሁ። ያልለወጥኩት ሰዓቱንና ፌስታሉን ነው።

ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ነው። ሌሊቱን ሲጥል ያደረው ዝናብ ገና አላባራም። ሁለት ልጆች ከባጃጅ ወርደው እየሮጡ ገቡ፤ አንደኛዋ ጥቁር ፌስታል ደረቷ ላይ አቅፋለች። መጋረጃውን ስቤ ስንቀመጥ ፌስታሉን ዘረጋችልኝ። «ልብሱን ይጠይቁሻል ስላሉኝ አምጥቻለሁ። አጥቤዋለሁ፣ ንጹሕ ነው» አለችኝ። ፈታሁት። ረጅም ቀሚስ፣ ሹራብ፣ ነጠላ፣ የውስጥ ልብስ። በዝናቡ ምክንያት አልደረቀም፤ እርጥቡን አጣጥፋ ስለያዘችው መሽተት ጀምሯል። ሦስት ጊዜ በኦሞ እንዳጠበችው ነገረችኝ። ልብሱን ለእኛ ስትል ነው ያጸዳችው፤ ቆሻሻ ይዛ መምጣት አፍራ።

«መቼ ነው?» አልኳት። «ረቡዕ፣ 11 ሰዓት ላይ።» በልቤ ቆጠርኩ። ወደ 112 ሰዓት ይጠጋል።

ኤች አይ ቪ እንዳይዛት የሚሰጠው መድኃኒት፣ እኛ ፔፕ የምንለው፣ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፤ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ለእሷ ያ ሰዓት ቅዳሜ 11 ሰዓት ላይ አልፏል። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያው እስከ 120 ሰዓት ስለሚሰጥ ደረሰላት፤ እሱም ቢሆን ቀን በጨመረ ቁጥር አቅሙ እየደከመ የሚሄድ ነው። ከሰውነቷና ከልብሷ ሊገኝ ይችል የነበረው ማስረጃ በውኃና በኦሞ ታጥቧል። «እስካሁን የት ነበርሽ?» አልኳት። ይህን ጥያቄ በመጠየቄ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

መልሷ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት ነበር፤ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። ማመልከቻ ነው። በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ ቀኑ ከላይ በቀኝ በኩል፣ ከሥሩ «ጉዳዩ፦ ትብብር እንዲደረግልኝ ስለመጠየቅ» ይላል። ሐሙስ ጠዋት ወደምትማርበት ተቋም አንድ ቢሮ ሄዳ ነበር። እዚያ ያገኘቻቸው ሰው «በጽሑፍ አድርገሽ ነይ» አሏት። ጽፋ ስትመለስ ስብሰባ ገብተዋል። ዓርብ ከሰዓት አገኘቻቸው፤ አነበቡትና «ኮሚቴው ሰኞ ይሰበሰባል» አሏት። ቅዳሜና እሑድ ቢሮ ዝግ ነው። በእነዚህ ሁሉ ቀናት አንድም ሰው «መጀመሪያ ሐኪም ቤት ሂጂ» አላላትም። «ልብስሽን አትጠቢ፣ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ጠቅልለሽ አስቀምጪው» ያላት የለም። ሰኞ ጠዋት ክፍል ቀርታ ወደ እኛ ያመጣቻት የዶርም ጓደኛዋ ናት፤ እሷም 19 ዓመቷ ነው።

መምህር፣ ጽሑፍዎን ያነበብኩት ያ ፌስታል ፊቴ ላይ ድቅን እያለ ነው። በ14 ዓመት ያየሁት ነገር ቢኖር፣ ጥቃት የደረሰባት ልጅ ወደፊት የሚገጥማት አብዛኛው ነገር የሚወሰነው መጀመሪያ በምትነግረው ሰው ነው። ያ ሰው ፕሮክተር (የማደሪያ ተቆጣጣሪ) ሊሆን ይችላል፣ መምህር፣ የጥበቃ ሠራተኛ፣ ያከራየቻት እናት፣ የዶርም ጓደኛ። እርስዎ የጻፉትን ያመነ ሰው ደግሞ ልጅቷ ስትመጣ መጀመሪያ ልብሷን ያያል፣ ቀጥሎ «ለምን አልጮኽሽም?» ይላል፣ ከዚያ «ምን ፈልጋ ነው?» ብሎ ይጠረጥራል፣ በመጨረሻም ሽማግሌ ይፈልጋል። በዚህ መሃል ሰዓቱ ይሄዳል።

በሩ ይዘጋ ስላሉት ልጀምር። ረቡዕ 11 ሰዓት ላይ ፀሐይ አልጠለቀችም። ልጅቷ የግሩፕ አሳይመንት ለመጨረስ ከክፍሏ ልጅ ጋር ተቀምጣ ነበር። ስሙን ታውቀዋለች፣ ቁጥሩ ስልኳ ውስጥ አለ፣ ሐሙስ ጠዋትም ከኋላዋ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጧል። እኔ ጋ ከመጡት ልጆች አብዛኞቹ የነገሩኝ እንዲህ ያለውን ነው፤ የሚያውቁት ሰው፣ የሚያውቁት ክፍል። ከጨለማ የሚወጣ የማይታወቅ ሰው የለም አልልም፤ አለ፣ የእሱንም ጉዳት አክሜያለሁ። ነገር ግን በር የሚያስቀረው እሱን ብቻ ነው። የክፍል ጓደኛዋን አያስቀረውም፤ የመምህሩን ቢሮ አይዘጋውም፤ ውጪ ተከራይተው የሚኖሩትንም ልጆች አይመለከታቸውም። በፋይናል ሰሞን ወንዱ ላይብረሪ እስከ እኩለ ሌሊት ሲያነብ ሴቷ 2 ሰዓት ላይ ተቆልፎባት ዶርም ብትቀመጥ ማን እየተቀጣ ነው? ላላጠፋችው ጥፋት የንባብ ሰዓቷን ተቀማች ማለት እኮ ነው። አጥፊው ወንድ ከሆነ፣ በሰዓት የሚገደበው ለምን ሴቷ ትሆናለች?

ስለ አለባበሱ ብዙ አልልም። በፌስታሉ ውስጥ ያየሁትን ከላይ ጽፌዋለሁ። አጭር ቀሚስ ቢሆንም ኖሮ የምሰጣት መድኃኒት ያው ነበር፤ ሕጉም ያው ነው።

በዚሁ ክፍል ግን ከግቢ በር እስከ ኪራይ ቤቶቹ ያሉት መንገዶች መብራት ይተከልባቸው ያሉት እውነት ነው። የጅማን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መብራት በጠፋ ምሽት፣ ጭቃው ባጃጅ በማያስገባበት ውስጥ ለውስጥ፣ ልጆቹ የስልካቸውን ባትሪ አብርተው እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚገቡት። ይህን ጥያቄ ለከተማው አስተዳደር አብረን ብናቀርብ ደስ ይለኛል።

«በእውነት የተደፈረች ወዲያው ትጮኻለች» የሚለውን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ከጽሑፍዎ ሁሉ ብዙ ልጆችን የሚጎዳው እሱ ነው። ድንጋጤ ሰውነትን እንደሚያስር የገዛ ቋንቋችን ያውቃል እኮ፤ «ክው አልኩ»፣ «ደርቄ ቀረሁ»፣ «አንደበቴ ተሳሰረ» እንላለን። ስለ እባብና ስለ መኪና አደጋ ስንናገር ይህን እናምናለን፤ ልጅቷ ስትለው ግን ውሸት ይመስለናል። ስዊድን ውስጥ፣ ስቶክሆልም በሚገኝ የተደፈሩ ሴቶች ድንገተኛ ክሊኒክ የመጡ 298 ሴቶች ተጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት፣ 70 በመቶዎቹ ጥቃቱ ሲደርስባቸው ሰውነታቸው ከፈቃዳቸው ውጪ በጉልህ ደርቆ እንደነበር ተናግረዋል፤ 48 በመቶዎቹ ደግሞ እጅግ በከፋ ደረጃ። መጮኽ የፈለገች፣ ድምፅ ግን ያልወጣላት ልጅ ጥቂት አይደለችም ማለት ነው።

ቀናት ቆይቶ ስለመናገሩም ከአገራችን ላምጣ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 በመቶዎቹ እርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም ሰውም አልተናገሩም። ከሦስቱ ሁለቱ ማለት ነው። በእርስዎ መለኪያ እነዚህ ሁሉ ምንም አልደረሰባቸውም። እኔ እንደማየው ግን ዝምታው ምክንያት አለው፤ ግቢ ውስጥ ደግሞ ምክንያቱ ይበዛል።

አንደኛው ርቀት ነው። እዚህ የሚማሩት ልጆች በምደባ ከአገሪቱ ዳር እስከ ዳር የመጡ ናቸው። ጅማ ራሷ ከአዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ የአንድ ቀን መንገድ ያለባት ልጅ እናቷን በስልክ ብቻ ነው የምታገኘው፤ ይህን ደግሞ በስልክ መናገር አይቻልም። ሁለተኛው ቋንቋ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ከጎጃም ገጠር የመጣች ልጅ ቃሏን በአስተርጓሚ ልትሰጥ ትችላለች። ከገጠር የመጣች፣ አማርኛ የሚከብዳት የኦሮሞ ልጅ ደግሞ ግቢ ውስጥ ያንኑ ችግር በተቃራኒው ታየዋለች። በገዛ ቋንቋሽ ለመናገር የሚከብድን ነገር በሦስተኛ ሰው አፍ ሲነገር ቁጭ ብሎ መስማት ምን እንደሚመስል፣ አብሬያቸው ተቀምጬ አይቻለሁ። አስተርጓሚው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ግማሹን ይዘለዋል።

ሦስተኛውን ልጆቹ ራሳቸው ነግረውኛል፤ ከሁሉም የሚከብደኝ እሱ ነው። ከአጥፊው ይልቅ የሚፈሩት አባታቸውን ነው። ይመታኛል ብለው አይደለም። «ትምህርቱ ይቅርብሽ፣ ልጄ፣ ነይ» ይለኛል ብለው ነው። ከመንደሯ ዩኒቨርሲቲ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ፣ እሷን ያየ ጎረቤት ሴት ልጁን ትምህርት ቤት የላከባት፣ ያን ሁሉ ይዛ ተመልሳ መሄድ አትፈልግም። ስለዚህ ትታጠባለች፣ ልብሷን ታጥባለች፣ ሐሙስ ጠዋት ክፍል ትገባለች። መምህር፣ ይህን የምታደርግ ልጅ «ሌላ ሐሳብ» ያላት አይደለችም፤ ዲግሪዋን ለማዳን የምትታገል ናት።

ደግሞም ባህላችን ይበቃናል ብለዋል። መንደር ውስጥ ኡኡታ ሲሰማ ሰው ዱላና ባትሪ ይዞ ይወጣል እንጂ «ምን ለብሳ ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ባህሉ ይህ ነው። ልጆቹ ግን ግቢ ውስጥ ኡኡ ቢሉ የሚወጣው ሰው መጀመሪያ ምን እንደሚጠይቃቸው ያውቃሉ።

ስለ ማርኩ ያሉት ለብቻው መልስ ይፈልጋል። ለግሬድ ሲሉ የሚዋሹ አሉ ብለዋል። ሐሰተኛ ክስ የለም አልልም። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ በአሥር ዓመት የቀረቡ 136 አቤቱታዎች አንድ በአንድ ተመርምረው ሐሰት ሆነው የተገኙት 8ቱ ናቸው፤ ከመቶ 6 ገደማ። አገሩ ሌላ ነው፤ ቢሆንም ስምንቱን በመፍራት ለቀሩት 128 ሁሉ በር መዝጋት የትም አገር ፍርድ አይባልም። የተከሰሰ መምህርም መብት አለው፤ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ እስካልተባለ ድረስ ንጹሕ ሆኖ እንደሚገመት ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ያስቀምጣል። ይህንን ከልቤ እደግፋለሁ። ነገር ግን ክኒን ለመስጠት ፍርድ አያስፈልገኝም። ልጅቷን ባጃጅ አሳፍሮ ሐኪም ቤት ለማድረስ ማን እንደዋሸ ማወቅ አያስፈልግም። እውነቱን የሚያጣሩት ዐቃቤ ሕግና ዳኛ አሉ፤ ጊዜም አላቸው። ልጅቷ ያላት 72 ሰዓት ነው።

ሕጉ ይህን ልዩነት አስቀድሞ አይቶታል። በአስገድዶ መድፈር የመጣ እርግዝናን ማቋረጥ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 ተፈቅዷል፤ ለዚህም አንቀጽ 552 የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ ነው ይላል። የፖሊስ ወረቀት አምጪ፣ ፍርድ ይዘሽ ነይ አትባልም። ሕግ አውጪው ልጅቷን ያመነው ሰውየውን ፈርዶበት አይደለም፤ እርግዝና ቀጠሮ እንደማይጠብቅ ስላወቀ ነው።

ከማርክ ጋር ተያይዞ ግን በጽሑፍዎ ያላገኘሁት አንድ ነገር አለ። ማርኩ በማን እጅ ነው? ልጅቷ ኤፍ ብታገኝ ልትባረር ትችላለች፤ መምህሩ ግን ቢበዛ በግሬዱ ይጠየቅ ይሆናል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 625 በግልጽ «መምህር» የሚለውን ቃል ይጠራል። በኃላፊነቱ ወይም በሙያው ምክንያት በሴቲቱ ላይ ያለውን ሥልጣን መሣሪያ አድርጎ፣ ወይም ችግሯን ተጠቅሞ ግንኙነት የፈጸመ ሰው፣ ጉልበት ባይጠቀምም እንኳ በቀላል እስራት ይቀጣል። ማስገደድ ካለበት ደግሞ አንቀጽ 620 ነው፤ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት። ተጎጂዋ በአጥፊው ሥልጣን ሥር ባለ የትምህርት ተቋም ያለች ከሆነ ጣሪያው ወደ 20 ዓመት ከፍ ይላል። ሕጉ የመምህርነትን ሥልጣን ማክበጃ ያደረገው ያለ ነገር አይደለም።

አንቀጽ 625 ግን አንድ ችግር አለበት፤ ልጆቹ ሊያውቁት ይገባል። ጉዳዩ የሚታየው ልጅቷ ራሷ ስታመለክት ነው። በግል አቤቱታ ለሚታይ ወንጀል ደግሞ የማመልከቻው ጊዜ ድርጊቱና አድራጊው ከታወቁ ጀምሮ 3 ወር ነው። የግቢ ኮሚቴ አንድ ስብሰባ በአባል አለመሟላት፣ ሌላው በፈተና፣ ሌላው በዕረፍት ሲተላለፍ ሦስት ወር ምን ያህል አጭር እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል። «እስኪ ኮሚቴው ይየው፣ ታገሺ» ያላት ሰው ሳያውቀው ክሷን ቀበረው ማለት ነው። ለማርክ ሲሉ በሐሰት ከሚወነጅሉ ተማሪዎች መምህራንን መጠበቅ ለሚፈልግ ግቢ ደግሞ ቀላል መንገድ አለ፤ አቤቱታ በቀረበ ዕለት የልጅቷን ወረቀት ሌላ መምህር ያርመው። ስሟ ተሸፍኖ፣ በኮድ። የዋሸች ልጅ ምንም አታተርፍም፤ እውነቷን የሆነችም አትቀጣም።

አሁን ወደ ሽምግልናው። አባቴ ሽማግሌ ነበሩ። በእኛ ሰፈር ስንት የድንበር ጠብ፣ ስንት የባልና ሚስት ጭቅጭቅ በእሳቸው ፊት በቡና ላይ ሲያልቅ እያየሁ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ሽምግልናን ንቄ አይደለም የምናገረው። ግን አባቴ ሁልጊዜ የሚሉት ነበር፤ እርቅ የሚጀመረው አጥፊው «አጥፍቻለሁ» ሲል ነው። በዚህ አገር የምናውቀው የኦሮሞ ጉማም፣ የደም እርቅ ሥርዓቱ፣ እንዲሁ ነው፤ የገዳይ ወገን ገድለናል ብሎ ሳያምን ካሣ አይቆረጥም። በግቢ ጥቃት ሽምግልና ተብሎ ያየሁት ግን ይህን አይመስልም። የልጁ አጎትና አንድ ሁለት የታወቁ ሰዎች ይመጣሉ። «ልጁ ሊመረቅ አንድ ዓመት ነው የቀረው፣ ሕይወቱ አይበላሽ» ይላሉ። የልጅቷ ወንድም ከሩቅ አገር ይጠራል፤ የትራንስፖርት ተብሎ ብር ይቆጠራል። «አጥፍቻለሁ» የሚል ቃል ከማንም አፍ አይወጣም። ልጅቷ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ የለችም። ውጪ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ምን እንደተወሰነ ትጠብቃለች። በሚቀጥለው ሰኞም ከኋላዋ ያለው ወንበር ላይ እሱ አለ። ስለ እሱ አንድ ዓመት ሁሉም ያስባል፤ እሷም እኮ ለመመረቅ ዓመታት ይቀሯታል።

ሕጉም ቢሆን ይህንን መንገድ ትቶታል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አጥፊው ልጅቷን ካገባት ክሱ እንዲቀር ያደርግ ነበር። ሴቶች፣ ከእነሱም ውስጥ የሕግ ባለሙያዎች፣ ለዓመታት ታግለው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያ ተሰረዘ። ዛሬ አስገድዶ መድፈር በግል አቤቱታ የሚታይ አይደለም፤ ሽማግሌ ስላስታረቀ፣ ካሣ ስለተከፈለ ዐቃቤ ሕግ ክሱን የሚተውበት ምክንያት የለም። ስለዚህ እነዚያ ሽማግሌዎች በቅንነት ቢመጡም የሚያደርጉት ነገር ወንጀል መሸፈን ነው። የግቢው ስም እንዳይነሣ ብለው ሽማግሌ የሚጠሩ ኃላፊዎች ደግሞ፣ ስሙ የሚጠፋው ጥቃት በመድረሱ ሳይሆን በመደበቁ እንደሆነ ቢያውቁ ጥሩ ነበር። ወላጅ የሚፈራው ልጄ ብትነግራቸው አይሰሟትም የተባለ ግቢን ነው።

«የቀረው የፖሊስ ሥራ ነው» ላሉት፦ ምርመራው አዎን፣ የፖሊስ ነው። ዶርሙ ግን የፖሊስ አይደለም። ክፍሉ፣ ፈተናው፣ የመቀመጫ ቦታው የግቢው ነው። እሱን ወደ ሌላ ሴክሽን ማዛወር የሚችለው ግቢው ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ የምናየው ግን እሷ ስትዛወር፣ ወይም ዓመቱን ዊዝድሮው አድርጋ ስትሄድ ነው። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ፕሮክተሯ ልትደውልለት የምትችል አንድ ተረኛ ሰው፣ ነዳጅ ያለው አንድ መኪና፣ ለልብሱ የሚሆን የወረቀት ከረጢት፣ ታሪኩን አንዴ ብቻ የሚቀበልና አብሯት እስከ ሆስፒታል የሚሄድ ሰው፤ ይህ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የሥርዓተ ፆታ ቢሮዎች አሉ፤ በውስጣቸውም የሚደክሙ ሴቶችን አውቃለሁ። ነገር ግን ቢሮው በሥራ ሰዓት ብቻ ከተከፈተ ዓርብ ማታ የተደፈረች ልጅ 72 ሰዓቷ ሰኞ ማታ ያልቃል። ወንድ ተማሪም ይደፈራል፤ እስከዛሬ ሁለት ብቻ ናቸው እኔ ጋ የመጡት፣ ሁለቱም እጅግ ዘግይተው። ለእነሱ የትኛው ቢሮ እንደሆነ እንኳ የሚነግራቸው አልነበረም።

በሥልጠናው እስማማለሁ። እንዲያውም ጥሩ ማስረጃ አለው፤ ካናዳ ውስጥ በሦስት ዩኒቨርሲቲዎች 893 ሴት ተማሪዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት፣ የ12 ሰዓት ሥልጠና ከወሰዱት ውስጥ በአንድ ዓመት የተደፈሩት 5.2 በመቶ ሲሆኑ ካልወሰዱት ውስጥ 9.8 በመቶ ነበሩ። ግማሽ ያህል ቀንሷል። ግን ሥልጠናው ካራቴ ብቻ አልነበረም። አደጋው ከሚያውቁት ሰው እንደሚመጣ፣ ያ ሰው ቀስ በቀስ እንዴት ብቻቸውን እንደሚያስቀራቸው፣ ጓደኛን «አይሆንም» ማለት ለምን እንደሚከብድና እንዴት እንደሚባል ይማሩ ነበር። እንግዲህ ይህ ሥልጠና የጽሑፍዎን የመጀመሪያ ነጥብ የሚቃወም ነው። በተጨማሪም ሥልጠናውን ከወሰዱትም መካከል 5 በመቶ ያህሉ ተደፍረዋል፤ ራሷን መከላከል ላልቻለችዋ ልጅ ነው ተረኛው ሰውና መኪናው። ወንዶቹስ? ለፍሬሽ ተማሪዎች በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ካፌ ካርድና ስለ ላይብረሪ ሲነገራቸው፣ ዝም ማለት እሺ ማለት እንዳልሆነ፣ የጓደኛቸውን ክፍል በር አንኳኩተው «ምን እየሆነ ነው?» ማለት ወንድነት እንደሆነ ቢነገራቸው አንድ ሰዓት ይበቃል።

አሁን ወደ መጨረሻው ዓረፍተ ነገርዎ። «ከልጆቼ በአንዷ ቢደርስ» ብለው ጻፉ፣ «ለማንም ሳልናገር በዝምታ ወደ ቤቴ አመጣታለሁ።»

ይህን ሲጽፉ ልብዎ እንደደማ ይገባኛል። እናት ነኝ፤ ልጄን አቅፌ በር ዘግቼ የምቀመጥበት ቀን ቢመጣ እኔም ያን ማድረግ ያምረኝ ይሆናል። ነገር ግን መምህር፣ ጽሑፍዎ የአገሩ ሰው ሁሉ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ልጆችዎም አንብበውታል። አባታቸው እንዲህ ያለው ነገር ሲደርስ ምን እንደሚጠይቅ፣ ማንን እንደሚጠራጠር፣ ትምህርታቸውን ምን እንደሚያደርግባቸው ከዚያ አውቀዋል። አንዷ ነገ ቢደርስባት መጀመሪያ የምትነግረው ሰው እርስዎ አይሆኑም።

እኔ ትናንት ማታ ለልጄ መልስ ሰጥቻታለሁ። የሚለው እውነት አይደለም አልኳት። ቀጥዬም ሰዓቱ ሌሊት ቢሆን፣ የትም ብትሆን፣ ምንም ለብሳ፣ ከማንም ጋር ብትሆን፣ መጀመሪያ ለእኔ እንድትደውል፣ እኔም ከትምህርቷ እንደማላስቀራት ቃል ገባሁላት። ዝም አለች። ከዚያ «ልብሴንስ?» አለችኝ፤ እኔ ስሠራ እየሰማች ነው ያደገችው። «አትጠቢው» አልኳት።

ልጆችዎ ዛሬም ስልክዎን ያነሣሉ። ይደውሉላቸው።